ሕመሙ የለቀቀ ዕለት

ከበላው እህል ይልቅ ያነሳው ብረት የሚያጠግበው አንድ ጎሚስታ ነበረ።

ጋሽ ይርጉ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ሐመልማል እየሮጠች ወደ ጂሙ በገባችበት ጠዋት ነው። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ፣ ቀኝ ክንዷን ዙሪያውን እያሽከረከረች፣ «ጋሼ፣ ለቀቀኝ! ይዩ፣ ምንም አይለኝም! ዛሬውኑ ድሮ አነሳው ወደነበረው ክብደት ልመለስ?» አለቻቸው። በዚያ ዓመት የትከሻዋ ሕመም ስንት ጊዜ እንደለቀቃትና ስንት ጊዜ እንደተመለሰባት ያሠለጠኗት እሳቸው ያውቃሉ። አግዳሚውን በእግራቸው ሳብ አድርገው እንድትቀመጥ አሳዩአትና ስለ ጎሚስታው ይነግሯት ጀመር።

ጎሚስታው የሚኖረው አስፋልት መንገድ ለሁለት በሚከፍላት አንዲት ቆላ ከተማ ውስጥ ነው። ቀን ቀን የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር፣ ሲለጥፍና ሲነፋ ይውላል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን መፍቻውን ጥሎ ወደ ሱቁ ጓሮ ይዞራል። ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ የሠራው ስፖርት ቤት አለው። ብረቱ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ነው። ክብደቱ ጎማ የሚታሰርበት አሮጌ የብረት ቸርኬና በሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ነው። አግዳሚውን ከተጣለ የመኪና ጣውላ አንኳኩቶ፣ ላዩን በጎማ ሸፍኖ ሠርቶታል። እዚያ ላይ በጀርባው ተኝቶ ብረቱን ከደረቱ ወደ ላይ ሲገፋ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተሰብስቦ ያየዋል። «ጨምርበት!» ይላሉ። ይጨምራል። «አንበሳ!» ይላሉ። እሱም አንበሳ ነኝ ብሎ ያምናል።

ከሱቁ ጎን ፀጉር አስተካካይ ጓደኛው አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ጎሚስታው ብረት ሲገፋ ከራስጌው ቆሞ የሚጠብቀው፣ ክንዱ የዛለ ሲመስለው ብረቱን ደገፍ የሚያደርግለት እሱ ነው። ራሱ ግን ከመቀስ የሚከብድ ነገር አንስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሲናገር አያፍርም።

አንድ አመሻሽ ላይ ጎሚስታው ብረቱን ወደ ደረቱ ሲያወርድ ቀኝ ትከሻው ከፊት በኩል ወጋ አደረገው። ጥርሱን ነክሶ ገፋው። በማግስቱም ወጋው፣ ገፋው። ከዚያ በቀኝ ጎኑ መተኛት አቃተው። ከዚያ ከመደርደሪያ ላይ ሙጫ ለማውረድ ክንዱን ሲዘረጋ ፊቱ ይጨማደድ ጀመር። በመጨረሻ ሸሚዙን የምታወልቅለት ሚስቱ ሆነች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ብርድ መታኝ» አላት።

በዚያ ቆላ፣ በዚያ ሙቀት፣ ብርዱ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀውም።

አረፈ። ማረፍ ለሱ እስር ነው። ጓሮውን ላለማየት በሌላ በር እየወጣ፣ በሰው ሁሉ ላይ እየተነጫነጨ ሰነበተ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ታሸ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ትከሻው ዝም ብሏል። ክንዱን ወደ ላይ አነሳ፣ ዝም። ወደ ኋላ አዞረ፣ ዝም። ልቡ ዘለለ! ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወደ መንገድ ወጥቶ የጓደኛውን መስኮት በመዳፉ ደበደበ።

«ለቀቀኝ! አንተ፣ ለቀቀኝ እኮ!»

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጭንቅላት ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ትቶ ወጣ። ተቃቀፉ። በዚያው ቀን ጎሚስታው ያን ቸርኬ ሁሉ እንደ ድሮው በብረቱ ጫፍና ጫፍ ሰካ፤ አንድም አልቀነሰም። ተኝቶ ገፋው። ብረቱ ወጣለት! ወጣቶቹ ጮኹ፣ እሱም ጮኸ፣ የመንገዱ ሹፌሮች ሳይቀሩ ጥሩምባ ነፉለት። ያን ቀን በከተማዋ ከሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሕመሙ ተመለሰ።

እንደገና አረፈ፤ እንደገና ተቀባ። በዚህኛው ጊዜ ጥፋቱን በፍራሹ ላይ አላከከ፤ ሚስቱ የፍራሹን ጥጥ አውጥታ አሰጣች፣ ደበደበች፣ መልሳ ሰፋች። ለቀቀው። ጮኸ፣ ሮጠ፣ ያንኑ ክብደት ሰካ፣ ተመለሰበት። ቀጥሎ ዓይን ነው አለ። ቀጥሎ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች የሚያመጡት ነፋስ ነው አለ። ፍራሹን፣ ነፋሱን፣ የሰው ዓይን ሳይቀር ጠረጠረ። ብረቱን ግን አንድም ቀን አልጠረጠረውም። ያን ያህል የሚወደውን እንዴት ብሎ ይጠርጥረው?

በዚህ መሃል አንድ ወሬ መጣ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከተማዋን እየዞረች፣ በመጪው በዓል ማግስት ዳገቱ ላይ ካለችው ከላይኛው ከተማ ጋር የብረት ማንሳት ውድድር በኳስ ሜዳው እንደሚደረግ ለፈፈች። ወጣቶቹ ወደ ጎሚስታው ሱቅ ግር ብለው መጡ። ስም ማስመዝገብ እንኳ አላስፈለገም፤ ከሱ ሌላ ማን ሊሄድ ነው? ገበያ ላይ የሚያገኙት ሴቶች «አደራ፣ እንዳታሳፍረን» ይሉታል። እሱም ደረቱን ነፍቶ «ለኔ ተዉት» ይላል። ሌሊት ሌሊት ግን ትከሻው ይጠዘጥዘዋል።

የውድድሩ ቀን ሲቃረብ ማስታገሻ ተወጋ። ሕመሙ እንደ መብራት ጠፋ። በበዓሉ ማግስት ጠዋት ክንዱን አነሳ፣ አወረደ፣ አዞረ። ምንም የለም! ሚስቱን አንስቶ በግቢው ውስጥ አዞራት። እየዘለለ ወደ ኳስ ሜዳ ሄደ።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጥር ላይ ሰው፣ ዛፍ ላይ ሰው፣ የቆሙ መኪኖች ጣሪያ ላይ ሰው። ከበሮ ይመታል። የላይኛው ከተማ ተወዳዳሪ ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ ጃኬቱን ደርቦ ጥግ ይዞ ክንዱን ቀስ እያለ ያሟሙቃል። ጎሚስታው አየውና ሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ፣ «ከቀላሉ እንጀምር። ትከሻህ ይሟሟቅ» አለው።

«ዛሬ ነው ከቀላሉ የምትለኝ? ዛሬ እኮ ለቆኛል! ዛሬ ካልጫንኩ መቼ ልጫን?»

የመጀመሪያውን አነሳ፤ ሜዳው ተናጋ። ጨመሩለት፣ አነሳ፤ ከበሮው አበደ። አሁንም ጨመሩለት፤ ከዚያ በፊት አንስቶት ወደማያውቀው ደረሰ። ተኛ። ጓደኛው ከራስጌው ቆመ። ጎሚስታው ብረቱን ከማረፊያው አንስቶ ወደ ደረቱ አወረደው። ገፋ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ቀኝ ትከሻው እንደ ተነፈሰ ጎማ ለዘብ አለ። ብረቱ ወደ ቀኝ ዘመመ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አንገቱ ወረደ።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለት እጁን ከብረቱ ሥር አስገባ። በዚያ ጩኸት መሃል አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ሮጦ ብረቱን አነሳ። ጎሚስታው አንገቱን ዳሰሰ፤ ደህና ነው። ቀና ሲል ጓደኛው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ይዟል። መቀስ የሚይዝበት እጁ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለጎሚስታው ከባድ ነበሩ። ትከሻው አብጦ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል። ከሱቁ ጎን ያለው የፀጉር ቤት በር ተዘግቷል። ደንበኞች እየመጡ በሩን አይተው ይመለሳሉ፤ እሱም እያንዳንዳቸው ሲመለሱ ያያል። ጓደኛውን ለመጠየቅ ሦስቴ መንገድ ጀምሮ ከበር ተመልሷል። በመጨረሻ ሚስቱ እጁን ይዛ ወሰደችው።

ፀጉር አስተካካዩ እጁን በጀሶ አሳስሮ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ጎሚስታው መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ቁጭ በል እንጂ» አለው ጓደኛው። «የኔ አጥንት ይገጥማል፣ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ያንተ ነገር ነው። ታውቃለህ፣ ሲያምህ ካንተ የሚሻል ብልህ ሰው የለም። ታርፋለህ፣ ትታሻለህ፣ የሚሉህን ትሰማለህ። የምታብደው ሲለቅህ ነው።»

ጎሚስታውን ከዚያ ቃል ሌላ ወቀሳ አላገኘውም። ያ ግን እስከ ቤቱ ድረስ አብሮት ሄደ፤ ሌሊትም አብሮት አደረ። ሲያምህ ብልህ ነህ፤ ሲለቅህ ታብዳለህ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄደ።

ሐኪሞቹ መርምረው ጅማቱ ተጎድቷል፣ ግን አልተበጠሰም አሉትና ጅማትና ጡንቻ በእንቅስቃሴ ወደሚታከምበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩት። እዚያ ያገኛት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ፊቷ ፈገግ ያለና ሰው የሚያቀርብ ነው፤ ዓይኗ ግን አንዴ ትከሻው ላይ ካረፈ አይነሳም። ልብሱን አስወልቃ ከፊት አየችው፣ ከኋላ አየችው። ክንዱን አስነስታ በእጇ እየተጫነች ጉልበቱን ለካች። ከዚያ የወለል መጥረጊያ እንጨት አምጥታ ሰጠችው።

«አልጋው ላይ ይተኙና ብረቱን እንዴት እንደሚገፉ ያሳዩኝ።»

ጎሚስታውን የመጥረጊያ እንጨት ይዞ መተኛቱ አሳፈረው። ቢሆንም አሳየ።

«ቆይ፣ እዚያው ላይ ያቁሙ» አለችው። «ክርንዎን ያዩታል? ከትከሻዎ እኩል ወደ ጎን ተዘርግቷል። ብረቱ በወረደ ቁጥር ጅማትዎ በአጥንቶቹ መሃል ገብቶ ይጨመቃል። ሰብሰብ ያድርጉት፣ ወደ ጎድንዎ ያስጠጉት። እንደዚህ። አሁንስ?»

ጎሚስታው እንጨቱን አወረደ፣ ገፋ፣ አወረደ። ዓይኑ ፈጠጠ። «አይወጋም!»

«አይወጋም። ሌላ ልጠይቅዎ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲገፉ ኖረዋል። የሚስቡትስ መቼ ነው?»

«ምኑን ነው የምስበው?»

«ክብደቱን ወደ ራስዎ። የደረትዎ ጡንቻ በርትቶ ትከሻዎን ወደ ፊት ጎትቶታል። ከኋላ መልሶ የሚይዘው ጀርባዎ ግን ደክሟል።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ዋናውን ልጠይቅዎ። ሕመሙ የለቀቀዎ ዕለት ምን ያደርጋሉ?»

ጎሚስታው ሳቀ። «ምን አደርጋለሁ? ደስ ይለኛላ! ብረቴን አነሳለሁ።»

«የትኛውን ክብደት?»

«ያቆምኩበትን ነዋ።»

«ያቆሙበትን ነው ወይስ ያስቆመዎትን?»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ጓደኛው በሌላ ቃል የነገረው ይህንኑ ነበር።

«ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል» አለችው ቀስ ብላ፣ «የጅማቱ ጉልበት ግን ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። እርስዎ ሕመሙ ሲሄድ ዳንኩ ብለው ይነሳሉ፤ ጅማቱ ገና አልተነሳም። ስለዚህ የለቀቀዎ ቀን በባዶው ብረት ይጀምሩ። ሌሊቱን በደህና ካደሩ ጥቂት ይጨምሩ። ቆርቆር ካደረገዎ ይቀንሱ እንጂ ጭራሽ አይተዉ፤ ጨርሶ ሥራ የፈታ ጅማት ይደክማል። ክንድዎ ከዛለ ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎ ግን በራስዎ አይወስኑ፣ ይምጡ።»

ጎሚስታው በአውቶቡሱ ሲመለስ በመስኮት ውጪውን አላየም። በልቡ እንጨቱን እያወረደ ይገፋል፤ ሳያውቀው እጁም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ክርኑም ይሰበሰባል። ጎኑ የተቀመጠው ሰው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ከተማው እንደደረሰ ከተጣሉት ጎማዎች የአንዱን የውስጥ ጎማ በመቀስ ረጅም ጥብጣብ አድርጎ ቆረጠ። ሱቁ በር ላይ አስሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ራሱ ይስበው ጀመር። መጀመሪያ ቀጭኑን፣ ሲለምድ ወፍራሙን።

«በሩን ነቅለህ ልትወስደው ነው?» አለችው ሚስቱ እየሳቀች።

«ጀርባዬን እየቀሰቀስኩ ነው» አላት።

ቸርኬዎቹን ግን አልነካቸውም። የጓደኛውን የፀጉር ቤት ደጃፍ ጠዋት ጠዋት እየጠረገ፣ የመጡ ደንበኞችን «ጥቂት ቀን ነው፣ ታገሱት» እያለ ቆየ። ጀሶው ተፈታ። ፀጉር አስተካካዩ ጣቶቹን እያፍታታ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተቀመጠለት ደንበኛ ጎሚስታው ራሱ ነው። ጭንቅላቱን ጎርበጥ ጎርበጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ጎሚስታው ግን በመስታወት አይቶ «እንዲህ ያማረ ተቆርጬ አላውቅም» አለ።

ከዚያም ያ ዕለት መጣ። ጎሚስታው ጠዋት ሲነቃ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ እንዳደረ ገባው። ክንዱን አነሳ። ዝም። ወደ ኋላ አዞረ። ዝም። ማስታገሻ ከቀመሰ ደግሞ ቆይቷል። ደስታውን መቆጣጠር አልቻለም።

«ለቀቀኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ደነገጠች። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች።

ወሬው እንደ ነፋስ ሄደ። አመሻሹ ላይ ጓሮው ሞላ። ወጣቶቹ ሳይጠየቁ ቸርኬዎቹን ተሸክመው እያመጡ ብረቱ ላይ ሰኩ፤ ያንኑ የድሮውን ክብደት። አንዱ አፉን በእጁ አጥሮ እንደ ጥሩምባ ይነፋል። «አንበሳው ተመለሰ!» ይላሉ። ጎሚስታው አግዳሚው ላይ ተኛ። እጆቹ ብረቱን ጨበጡ። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ሲነካ ደሙ ፈላ። ይህን ጠረን፣ ይህን ጩኸት፣ ይህን መጨበጥ ምን ያህል ናፍቆት ኖሯል! ጡንቻው ሁሉ ግፋ ይለዋል። ትከሻውም ዝም ብሏል፤ አንድም አይቃወምም። ከራሱ በላይ የጓደኛውን ፊት አየ። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ድሮው ቦታው ላይ ቆሟል። አንጓው ላይ ጀሶው የነበረበት ቆዳ ገና አልጠቆረም።

ጎሚስታው እጁን ከብረቱ አነሳ። ተነስቶ ተቀመጠ።

«ምን ሆነ? አመመው?» አለ አንዱ።

«አላመመኝም» አለ ጎሚስታው። «ለዚህም ነው።»

ወደ ብረቱ ጫፍ ሄዶ አንዱን ቸርኬ አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ዞሮ ሌላውን አወለቀ። ቆርቆሮዎቹን አወለቀ። የሚሰማው ብረት ከመሬት ሲገናኝ ብቻ ነው። ባዶው ቧንቧ ሲቀር ተመልሶ ተኛና ክርኑን ሰብስቦ ገፋው።

«ይህንንማ እናቴም ታነሳዋለች!» አለ አንድ ወጣት። ሳቅ ሆነ።

«ጥራታ!» አለ ጎሚስታው ተኝቶ እየገፋ። «አብረን እናነሳለን!»

ሳቁ በረታ። እሱም ሳቀ፣ እየሳቀም ገፋ። የሚገርመው ባዶው ብረት ከባድ ነበር! ክርኑን እንደተነገረው ሰብስቦ፣ ጀርባውን አጥብቆ፣ ቀስ እያለ ሲያወርደው ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቅ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ይህን ሁሉ ዓመት ብረት አነሳለሁ ሲል ኖሮ ብረቱ ሲወርድ ምን እንደሚመስል አላወቀም ነበር። ያ ግኝት ከማንኛውም ጩኸት በላይ አስደሰተው። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኗል። ፀጉር አስተካካዩ ከራስጌው ቆሞ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል።

ወጣቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባዶ ቧንቧ ለማየት ማን ያመሻል? ለብዙ ጊዜ ጓሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጎሚስታው ይጨምራል፣ አድሮ ትከሻውን ያያል፣ ደህና ሲሆን ይጨምራል። አንድ ሰሞን ያ የታወቀ መውጋት ተመለሰ። ልቡ ወደቀ። በድሮው ልማዱ ወይ ጥርሱን ይነክስ ነበር፣ ወይ ሁሉን ጥሎ ይተኛ ነበር። አሁን ሁለቱንም አላደረገም። ቸርኬ ቀነሰ፣ የሚያወርድበትን ልክ አሳጠረ፣ የውስጥ ጎማውን አብዝቶ ሳበ። ጥቂት ሰንብቶ መውጋቱ ተወው። ያን ዕለት ጎሚስታው ከማንኛውም ጊዜ በላይ ፈነጠዘ፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሙ መጥቶ ሲሄድ እሱ ከብረቱ አልተለየም። ሳይደናገጥ መቀነስ፣ ሳይጣደፍ መጨመር እንደሚችል አየ።

በዓሉ ዞሮ መጣ። ኳስ ሜዳው እንደገና ሞላ። የከተማው ሰው አምና ያየውን አልረሳም፤ ጎሚስታው ሲገባ የሚያጨበጭብም ነበረ፣ ፊቱን የሚሸፍንም ነበረ። እሱ ጥግ ይዞ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ በባዶ ብረት ክንዱን ያሟሙቃል። የመጀመሪያውን አነሳ። ሁለተኛውን አነሳ። ከዚያ አምና የጣለውን ክብደት አስጫነ።

ከበሮ መቺው ከበሮውን መምታት ረሳ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት መዳፉን ከብረቱ ሥር ዘርግቶ ቆመ። ጎሚስታው ብረቱን አወረደ። ክርኑ ተሰብስቧል፣ ጀርባው እንደ ድንጋይ ከአግዳሚው ተጣብቋል። ገፋ። እኩሌታው ላይ ደረሰ፣ አምና የለዘበበት ቦታ። እዚያ ላይ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ወጣ! ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ወጣ! ብረቱ ማረፊያው ላይ ሲወድቅ ሜዳው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ዛፍ ላይ የነበሩት እየዘለሉ ወረዱ። ሚስቱ ነጠላዋን አውልቃ እያወዛወዘች አጥሩን አልፋ ሮጠች። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው አንዱ ሌላውን ከመሬት አነሳ፤ ማን ማንን እንዳነሳ አልታወቀም።

የላይኛው ከተማ ረጅም ወጣት ቀጥሎ መጣና ከሱ አስበልጦ አነሳ። አሸነፈም። ጎሚስታው ሄዶ በቀኝ ክንዱ አንገቱን አቅፎ ሳመው። የከተማው ሰው ግን የተሸነፈውን ጎሚስታ በትከሻው ተሸክሞ እየጨፈረ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ጋሽ ይርጉ እዚህ ላይ ቆሙ። ሐመልማል አፏን ከፍታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ ብረቱን አብራ የገፋች ይመስል ሁለት እጇ ተጨብጧል። ወደ እሷ ዞረው ተናገሩ።

«የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፣ ልጄ። ጎሚስታው አንቺ ነሽ። ሲያምሽ ምን እንደምታደርጊ ማንም ሊያስተምርሽ አያስፈልግም፤ ታርፊያለሽ፣ በረዶ ትይዣለሽ፣ ሐኪም ትሰሚያለሽ። ትከሻሽ የሚበላሸው ግን በታመምሽበት ሰሞን አይደለም። የሚቀጥለው ሕመምሽ የሚጀምረው ለቀቀኝ ብለሽ እየሮጥሽ በዚህ በር በምትገቢበት ጠዋት ነው። ያን ጠዋት ማንም አይጠነቀቅልሽም፤ ትከሻሽ እንኳ ዝም ይላል። ስለዚህ ሕመሙ ይቆጣሽ የነበረውን ያን ጊዜ ራስሽ ራስሽን መቆጣት አለብሽ። ደስታሽን ልቀማሽ አይደለም። ደስ ይበልሽ፣ ዝለዪ፣ ጩኺ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ጎሚስታው ቸርኬውን ያወለቀው በጣም ደስ ባለው ሰዓት እንደነበር አትርሺ። ሰው ሲያመው ብረት ቢቀንስ ሕመሙ አስገድዶት ነው። ምንም ሳያመው፣ ሰው እያየው፣ ልቡ እየዘለለ የቀነሰ ግን የትከሻው ጌታ ሆኗል።»

ከተቀመጡበት ተነስተው ብረቶቹ ወደተደረደሩበት ሄዱና እጃቸውን መደርደሪያው ላይ አሳረፉ።

«በይ እንግዲህ፣ እንኳን ለቀቀሽ! የትኛውን ላምጣልሽ?»